በጠባቡ ደረጃ ላይ

ከዴር ሱልጣን ወደ ጌታችን መቃብር የሚያወርደው ደረጃ በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል ቤተ መቅደሶች በኩል ያልፋል፤ ጠባብ ነው። በአንድ ሰሙነ ሕማማት እኔ ኃጢአተኛው መነኩሴ ለመሳለም ስጣደፍ አንዲት አረጋዊት እናትን ገፍቼ አለፍሁ። ምርኩዛቸው ሲወድቅ ሰማሁ፤ አልተመለስሁም። ስለ እኛ መገፋትን የታገሠውን ጌታ፣ ሰው ገፍቶ መሳለም እንዴት ያለ መሳለም ነው? ጾምና ስግደት አይረቡም ማለቴ አይደለም፤ ያለ እነርሱ ልብ ይደነድናል። ነገር ግን ስግደቱ ከጉልበት አልፎ ወደ ልብ መድረሱ የሚታወቀው በአውቶቡስ ወረፋና በማደሪያው ማዕድ ቤት ነው፤ በዚያ ቅዳሴ ባይኖርም ባልንጀራ አለና። በማግሥቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው እናቲቱን ፈለግኋቸው፤ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ሕዝብ በሚበዛበት ቀን ከደረጃው ራስ ቆሜ አረጋውያንን እየደገፍሁ አወርዳለሁ። እኔ የምሳለመው ሲመሽ ነው።