የገመዱ ወሰን

አንድ ነጋዴ ከአንዲት አሮጊት ቤት አጠገብ ቦታ ገዛና ምድር ቤት ያለው ፎቅ ሊሠራ ተነሣ። ቆፋሪዎቹ በወሰኑ ላይ ገመድ ወጥረው የእማማን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ተከትለው ቆፈሩ። ጉድጓዱ ድንጋይ በጭቃ ከተገነባው ቤታቸው መሠረት በታች ወረደ።

በሦስተኛው ቀን እማማ መጡ።

«ልጄ፣ ትናንት በጣቴ የምዘጋው በር ዛሬ በትከሻዬ ብገፋውም እምቢ አለኝ።»

«እማማ፣ ገመዱን ይዩት፤ የምቆፍረው በራሴ ይዞታ ነው» አላቸው።

ይህን የሰሙ ሽማግሌ ግንበኛ ወደ ቤቱ ገቡ። ከበሩ ማዕዘን የሚነሣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኙ፤ በላዩ ስስ መስታወት በጀሶ ለጥፈው ወጡ። ማታ ሲመለሱ መስታወቱ ለሁለት ተሰብሯል።

ነጋዴውን ጠርተው አሳዩት። «አፈር ገመድ አያይም፣ ልጄ። የእሳቸው ቤት የቆመው ከሥሩ ባለው አፈር ብቻ መሰለህ? ያንን አፈር ከጎን ደግፎ የያዘው የአንተ አፈር ነበር። ድጋፉን ስታነሣ የእሳቸው ወደ አንተ ጉድጓድ ይመጣል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ዛሬውኑ አፈሩን ግድግዳው ሥር መልስ። ከዚያ በቁራጭ በቁራጭ እንሄዳለን። ከመሠረቱ ሥር አንድ ሜትር ያህል ከፍተን ኮንክሪት እንሞላለን፤ እሱ እስኪጠነክር ግራና ቀኙን አንነካም። ቀጣዩን ራቅ ብለን እንከፍታለን። ውሃ ስትስብም አፈር ይዞ እንዳይወጣ ተጠንቀቅ።»

ሥራው ብዙ ጊዜና ብዙ ገንዘብ በላ። ሽማግሌው አዲስ መስታወት ለጥፈው በየማለዳው ቆፋሪ ዶማ ሳያነሣ ያዩት ነበር፤ እስከ መጨረሻው አልተሰበረም። ስንጥቁ ግን እንዳለ ቀረ። የእማማም በር በአናጢ ተልጎ ነው የተዘጋው፤ አንዴ የሰመጠ መሠረት አልተመለሰም።

ነጋዴው አልዋሸም፤ በካርታው ላይ ትክክል ነበር። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ካርታ የመሬቱን ፊት እንጂ አፈር ከአፈር ጋር የተደጋገፈበትን አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን ኮሎኝ ለከተማ ባቡር በተቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ በነበረ ጉድለት ውሃና አፈር ሰርጎ ገባ። ከጎኑ የነበረው የከተማዋ ቤተ መዛግብት ፈረሰ፤ በአጠገቡ ባሉ ቤቶች የነበሩ ሁለት ሰዎች ሞቱ።

በለንደን ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከቢግ ቤን ማማ አጠገብ 40 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ያለው የዌስትሚንስተር ባቡር ጣቢያ ሲቆፈር፣ መሐንዲሶቹ አስቀድመው ከማማው ሥር ቱቦዎች ዘርግተው ነበር። ማማው ምን ያህል እንዳዘነበለ እየለኩ፣ በቱቦዎቹ በኩል ቀጭን የሲሚንቶ ቅልቅል ወደ አፈሩ ይገፉ ነበር፤ መለካት፣ መግፋት፣ ዳግም መለካት፣ ቁፋሮው እስኪያበቃ ድረስ።