ለቀቀ

አክስቴ ጌታን የተቀበለች ሰሞን ካሴቶቿን በካርቶን ሞልታ ለሰፈር ጎረምሶች አደለች። የጥላሁን፣ የማህሙድ፣ የብዙነሽ፣ ሁሉም ሄደ። የሙሉቀን መለሰን ብቻ አስቀረች። ለምን ስላት “እሱማ ድኗል” አለችኝ፣ ከሆስፒታል ስለወጣ ዘመድ የምታወራ ይመስል። ግን ዘፈኑንም መስማት አልፈለገችም። በካሴቱ ጠርዝ ያለችውን ቀዳዳ በወረቀት ወትፋ ስብከት ቀዳችበት።

ያኔ ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሙሉቀንን የወደድኩት በዚያው ዓመት ነው፤ እስከ ዛሬ ያልፈታሁት ጥያቄም ያኔ አብሮ ገባ። ሰው ራሱ የሠራውን ነገር ሊተወው ይችላል? ቢተወውስ፣ እሱ የጣለውን እኛ አንስተን መውደዳችን ምን ይባላል?

ጎጃም ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገው ሙሉቀን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ መድረክ ላይ ሲወጣ ገና ልጅ ነበር። “ሄደች አሉ” እና “ናኑ ናኑ ነይ” የእሱ ናቸው። ጥላሁን ሲዘፍን በሩን በርግዶ ይገባል፤ ሙሉቀን ደጅ ቆሞ ይጣራል፣ ካልከፈቱለትም የሚቀየም አይመስልም። ያን ድምፅ ይዞ ስሙ ገና በሁሉ አፍ ሳለ ዘፈን በቃኝ አለ። ወንጌላዊ አማኝ ሆነ፣ አሜሪካ ገባ፣ መዝሙር ዘመረ፤ በ2016 ዓ.ም. እስኪያርፍም ወደ ዘፈን አልተመለሰም። ዘፋኟ ሂሩት በቀለም በዚያው መንገድ ሄዳለች።

አማርኛ ለዚህ ታሪክ አንድ ግሥ አዘጋጅቶ የጠበቀ ይመስለኛል። ዘፋኝ አዲስ ሥራ ሲያወጣ “ለቀቀ” እንላለን፤ ሥራውን ትቶ ሲሄድም “ለቀቀ” ነው። ተከራይ ቤት ይለቃል፣ ሹም ሥልጣን ይለቃል፣ ክፉ መንፈስም የያዘውን ሰው ይለቃል። ቀይ ጨርቅ ደግሞ ቀለም ይለቅና አብሮት የተዘፈዘፈውን ነጭ ሁሉ ይዞ ይቀራል። ሙሉቀን በሁሉም ፍቺ ለቋል። ችግሩ የመጀመሪያው መልቀቅ ለሁለተኛው አለመታዘዙ ነው። ሩሲያዊው ጎጎል በ1852 እ.ኤ.አ. የታወቀ ልቦለዱን የሁለተኛ ክፍል ረቂቅ እሳት ውስጥ ጨመረው፤ ረቂቅ ነውና ተቃጠለለት። አውግስጢኖስ በስተርጅናው የጻፋቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ መልሶ እያየ፣ ተሳስቼበታለሁ ያለውን የሚያርም ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። ዘፋኝ ይህም ያም የለውም። ዘፈኑ ታክሲ ውስጥ ነው፣ ሠርግ ቤት ነው፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው “ኢትዮፒክስ” ተከታታይ ገብቶም ጎጃም የት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቤት ደርሷል።

ሌላ አገር የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ ጭንቀት ላይረዳው ይችላል። በብዙ ቋንቋ ዘፋኝና ዘማሪ በአንድ ቃል ይጠራሉ። እኛ ግን ለይተናል፤ መለየት ብቻም አይደለም፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ገላትያ ሰዎች ምዕራፍ 5 ላይ “ዘፋኝነት” ከስካር ቀጥሎ ከሥጋ ሥራዎች ተቆጥሯል። በግሪክኛው ያለው ቃል የሚናገረው ስለ መጠጥና ስለ ሌሊት ፈንጠዝያ ነው። ተርጓሚው ሌላ ቃል መርጦ ቢሆን ስንት ካሴት ይተርፍ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ይህ ግን የአድማጭ ስስት ነው። አንድ ሰው ሕይወቱን የሚያዞረው በአንድ ቃል ትርጉም ብቻ አይመስለኝም። ደግሞም በደርግ ጊዜ “ጴንጤ” መባል ትርፍ አልነበረውም። ቤተ ክርስቲያኖች የታሸጉበት፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. የተገደሉበት ዘመን ነው። ለጭብጨባ ብሎ ወደዚያ የሚሄድ የለም።

በወጣትነቴ ተናድጄበታለሁ። ያን ድምፅ ተሰጥቶት እንዴት ይተወዋል እል ነበር። እያደር የገባኝ፣ ንዴቴ የባለርስት ንዴት መሆኑ ነው። አድናቂ ወዳጅ ነኝ ይላል እንጂ ባለንብረት ነው፤ ያ ሰው ሃያ ዓመቱ ላይ ቆሞ እንዲጠብቀው ይፈልጋል፣ ምክንያቱም የራሱን ሃያ ዓመት እዚያ አስቀምጧል። ሙሉቀን የማንንም ወጣትነት በአደራ አልጠብቅም አለ። መብቱ ነበር። እኔን ያስተማረኝም ይኸው እንቢታ ነው፤ ከዘፈኖቹ የተማርኩት ያን ያህል አይደለም። ሰው የሚበልጥበትን ነገር የመተው ነጻነት ከሌለው፣ የሚበልጥበት ነገር ጌታው ሆኗል ማለት ነው።

ሆኖም የእሱ መተው እኔን ያስራል ወይ ብባል፣ አያስርም እላለሁ። ዘፈን የአንድ ሰው ጓዳ አይደለም። ግጥሙን ሌላ ጽፎታል፣ ጊታሩን ሌላ መትቶታል፣ ሌላው ሳክስፎኑን ነፍቷል። ንስሐ የገባ ሰው ለከበሮ መቺው አይገባለትም። ይህን ብዬም ሙሉ በሙሉ አልረካም። ውለታ ያለበት ሰው፣ ባለውለታው የሚያፍርበትን ነገር እያነሳ ሲያመሰግነው ምስጋናው ሻካራ ነው። ስለዚህ ስሰማው ድምፁን ቀነስ አደርጋለሁ። መፍትሔ አይባልም።

አክስቴ ያን ካሴት ማታ ማታ ምስር እየለቀመች ትከፍተው ነበር። ስብከቱ ከካሴቱ ገጽ ያጥራል። ሰባኪው “አሜን” ብሎ ካበቃ በኋላ ጥቂት እሽታ ይሰማና፣ ከአንድ ቃል መሀል ተነስቶ ሙሉቀን ይመጣል። አክስቴ ቀና ሳትል “እጄ ተይዟል፣ አጥፋው” ትለኛለች። ቴፑ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። በዝግታ እሄድ ነበር። አንድም ቀን ቶሎ በል ብላኝ አታውቅም።