በባዕድ አገር የተፈጸመ ጋብቻ በአገሩ ደጅ ይመስከርለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! ጋብቻ በፈጣሪ ቃል በገነት የተመሠረተ፥ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም በቃና ዘገሊላ በመገኘቱ የባረከው ክቡር ሥርዐት ነው። ክብሩም ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ በስውር ሳይሆን በምስክር ፊት የሚፈጸም መሆኑ ነው። ፍትሐ ነገሥታችንም በአንቀጽ 24 ስለ መተጫጨትና ስለ ጋብቻ በሰፊው ሲናገር ያለ ካህናት ጸሎት ጋብቻ እንዳይፈጸም ያዛል። እንግዲህ ምስክር የሌለው ጋብቻ በር እንደሌለው ቤት ነው፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ይደፍረዋል። ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው ከአገራቸው ርቀው የሚጋቡ ልጆቻችን ጋብቻቸውን በአገራቸው ሹማምንት ዘንድ ስለ ማስመዝገባቸው ነው።

«ይህ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ምኗ ነው?» የሚል ቢኖር መጽሐፈ ጦቢትን ይመልከት። ጦብያ ከአባቱ ቤት ከነነዌ ወጥቶ ወደ ሜዶን ምድር ሄደ፤ በዚያም የራጉኤልን ልጅ ሣራን አገባ። መልአኩ ቅዱስ ሩፋኤል ከመንገዱ መጀመሪያ አንሥቶ ከእርሱ ጋር ነበረ። ሆኖም ራጉኤል ልጁን መርቆ በሰጠ ጊዜ በምርቃቱ ብቻ አላበቃም፤ የጋብቻውን ውል ጽፎ አተመበት (ጦቢት ምዕ. 7)። ይህንስ ስለ ምን አደረገ ቢሉ፥ ልጁ ወደ ማታውቀው አገር የምትሄድ ናትና፥ በዚያ «ይህች ማን ናት?» የሚል ቢነሣ ጽሑፉ እንዲመልስላት ነው። በኋላም ሙሽሮቹ ወደ ነነዌ በተመለሱ ጊዜ ሽማግሌው ጦቢት እስከ ከተማው በር ድረስ ወጥቶ ምራቱን ሕዝብ ሁሉ እያየ ባርኮ ተቀበላት (ምዕ. 11)። በባዕድ አገር የተጻፈው ጋብቻ በአገሩ ደጅ ተመሰከረለት ማለት ይህ ነው። መልአክ የጠበቀው ጋብቻ ጽሑፍ ካስፈለገው የእኛ ልጆች ጋብቻማ እንዴት አያስፈልገው!

እንደዚሁም መጽሐፈ ሩት ያስተምረናል። መሐሎን ከቤተ ልሔም ተሰዶ በሞዓብ አገር ሩትን አገባ፤ በዚያም ሞተ። ባልቴቲቱ ከአማቷ ከኑኃሚን ጋር ወደ ባሏ አገር በመጣች ጊዜ ለቤተ ልሔም ሰዎች እንግዳ ነበረች። ነገር ግን ቦዔዝ በከተማው በር ዐሥር ሽማግሌዎች አስቀምጦ የመሐሎን ሚስት መሆኗን በአደባባይ ተናገረ፤ የሟቹም ስም ከርስቱ እንዳይጠፋ ሕዝቡን ሁሉ ምስክር አደረገ (ሩት ምዕ. 4)። ባዕድ ምድር ላይ የተፈጸመው ጋብቻ በቤተ ልሔም በር ባይመሰከርለት ኖሮ ሩት ቃርሚያ ስትለቅም በቀረች ነበር።

በዚያችም በቤተ ልሔም ከብዙ ዘመን በኋላ ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። አውግስጦስ ቄሣር ሕዝብ ሁሉ እንዲመዘገብ ባዘዘ ጊዜ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ከጠባቂዋ ከአረጋዊው ዮሴፍ ጋር ከናዝሬት ተነሥታ ወደ አባቶቻቸው ከተማ ወጣች (ሉቃ. ምዕ. 2)። የሰማይና የምድር ንጉሥ እናት በምድራዊ ንጉሥ መዝገብ ለመጻፍ ያን ሁሉ መንገድ ከተጓዘች፥ እኛ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ለመሄድ እንዴት እንታክታለን?

አሁን ነገሩን ወደ አገራችን እንመልሰው። በአዊ ምድር፥ በሰባት ቤት አገው፥ ጋብቻ ምስክር አጥቶ አያውቅም ነበር። ሽማግሌ ይላካል፤ ቤተ ዘመድ ይማከራል፤ ካህኑ ይጸልያል፤ ከጥምቀት በኋላም ሙሽራይቱ በፈረሰኞች ታጅባ ስትሄድ አገር ሁሉ ያያታል። ከዚያ ወዲያ ማን የማን ሚስት እንደ ሆነች ጎረቤቱ፥ ዕድርተኛው፥ የሰንበቴው ማኅበርተኛ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ግን ከእንጅባራና ከዳንግላ፥ ከገጠሩም ቀበሌ፥ ብዙ ወጣቶች እንጀራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገሮችና ወደ ሌላም ባሕር ማዶ ይሄዳሉ፤ እዚያም ይተዋወቃሉ፥ ይጋባሉ። እናት የልጇን ሠርግ በስልክ መስኮት ታያለች፤ እልል ትላለች፤ ስልኩም ይዘጋል።

ለምሳሌ ያህል ከዳንግላ ገጠር የሄደች አንዲት እኅት እናስብ። በሰው አገር ስትሠራ ከእንጅባራ የመጣ ወጣት አግኝታ፥ የሁለቱም ወላጆች ፈቅደው፥ በሚኖሩበት አገር ሕግ ተጋቡ፤ ልጅም ወለዱ። ሁለቱም ከደመወዛቸው እየቆጠቡ በእንጅባራ ቤት ሠሩ፤ ቤቱ ግን በባልየው ስም ብቻ ነው። ባልየው ታሞ ሞተ። እርስዋ ልጇን አዝላ ስትመለስ የባልዋ ወንድሞች «እኛ በስልክ ድምፅሽን ሰማን እንጂ ሠርግሽን አልበላንም» ቢሏት ምን ትመልሳለች? ሕጉ የጋብቻ የምስክር ወረቀት ለሌላቸው ሰዎች መንገድ አልዘጋባቸውም፤ እንደ ባልና ሚስት አብረው መኖራቸውን፥ ቤተ ዘመድና ጎረቤትም እንዲሁ አድርጎ የሚያውቃቸው መሆኑን በፍርድ ቤት ማስረዳት ይችላሉ። በአንድ መንደር ለኖሩት ይህ ቀላል ነው። የእርስዋ ጎረቤቶች ግን ከባሕር ማዶ ናቸው፤ ማን መጥቶ ይመስክርላት? አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

የአገራችን ሕግ በዚህ ነገር ምን እንደሚል በአጭሩ እንናገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ሥራው ለብዙ ዘመን በይደር ቆየ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 5 በውጭ አገር በዚያው አገር ሕግ መሠረት የተፈጸመ ጋብቻ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ በኢትዮጵያ የጸና መሆኑን ይናገራል፤ በአንቀጽ 28ም በማናቸውም ሥርዐት የተፈጸመ ጋብቻ መመዝገብ እንዳለበት ያዛል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አውጥቷል። በመጨረሻም በ2004 ዓ.ም. ስለ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ታወጀ፤ ምዝገባውም ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ተጀመረ።

እንግዲህ በውጭ የሚጋቡ ሁሉ ይህን ያድርጉ። አስቀድመው በሚኖሩበት አገር ሕግ የታወቀ የምስክር ወረቀት ይቀበሉ፤ ካህን ያጋባቸውም ቢሆኑ የካህኑ ወረቀት በዚያ አገር ሕግ ይበቃ እንደ ሆነ ይጠይቁ። ወረቀቱን በዚያው አገር ባለሥልጣን አስመስክረው ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ያቅርቡ። ወደ አገር ሲመለሱም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረጋግጠው፥ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ አስተርጉመው፥ ለቀበሌያቸው የክብር መዝገብ ሹም ያሳዩ። አንዱንም ቅጂ በወላጆቻቸው ቤት ያኑሩ።

ነገር ግን «እኔ በተክሊል ያገባሁ ነኝ፤ ከእግዚአብሔር ፊት ተጽፌአለሁ፤ የሰው መዝገብ ምን ይጨምርልኛል?» የሚል አለ። ወንድሜ ሆይ፥ ለአንተ ምንም ላይጨምር ይችላል። እግዚአብሔር ያውቅሃል፤ የቀበሌው ጸሐፊ ግን አያውቅህም። መዝገቡ ጋብቻህን አያከብረውም፤ አንተ በሌለህበት ቀን ሚስትህንና ልጅህን ይጠብቅልሃል እንጂ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ እንደሚቈጠር አስተምሯል (1 ጢሞ. ምዕ. 5)። ስለዚህ ይህ የፍቅር ሥራ ነው።

ደግሞ በተቃራኒው «ወረቀቱ ካለኝ ተክሊሉ ለምን?» የሚል አለ። ወረቀት ይመሰክራል እንጂ አይባርክም። በሹም ፊት ብቻ የተጋባችሁ ኦርቶዶክሳውያን ወደ ንስሐ አባታችሁ ቅረቡ፤ እንደ ሥርዐቱ በሥጋ ወደሙ ተወሰኑ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሐሰት ምስክር ነው። ወደ ሌላ አገር ለመሻገር ሲል በወረቀት ብቻ ተጋብቶ፥ መሻገሪያውን ካገኘ በኋላ የሚለያይ ሰው፥ በቅዱስ ስም የነገደ ነው። እንደዚሁም በአዊ ትዳሩን ትቶ በባሕር ማዶ ሌላ የሚያገባ፥ ወይም በዚያ ያገባትን ደብቆ እዚህ ሌላ ሠርግ የሚደግስ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ከመዝገብ የሚሸሸው ስለ ድካሙ አይደለም፤ ብርሃንን ስለሚፈራ ነው። ለአንድ ወንድ አንዲት ሴት መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ የአገሪቱም የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ላይ ሌላ ጋብቻን ይከለክላል። ስለዚህ እናንተ ወላጆች ሆይ፥ ከባሕር ማዶ «አገባሁ» የሚል ስልክ በመጣላችሁ ጊዜ እልል ካላችሁ በኋላ «ልጄ ሆይ፥ ተጽፎአልን?» ብላችሁ ጠይቁ። ካህናትም ለጋብቻ ከመጸለያችሁ በፊት ሰውየው ከዚህ ቀደም የታሰረበት ቃል ኪዳን እንደሌለ አጥብቃችሁ መርምሩ።

ሽማግሌው ጦቢት ምራቱን ሊቀበል እስከ ከተማው በር እንደ ወጣ፥ እኛም ከሩቅ የሚመጡትን ምራቶቻችንንና አማቾቻችንን በእውነተኛ ምስክር ለመቀበል ያብቃን። ስማችንንም ማንም በማይፍቀው በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።