ቋንቋን የማቆየት ዕዳ የማን ነው?

አንዲት እናት የአያቶቿን ቋንቋ ለልጇ ሳታስተላልፍ ብትቀር በደለኛ ናትን? በሜክሲኮ፣ በሚቾአካን ግዛት ለሚኖረው የፑሬፔቻ ሕዝብ ይህ ጥያቄ በየቤቱ ያለ እንጂ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

በፓትስኳሮ ሐይቅ ዙሪያና በአጎራባቹ ደጋ የሚነገረው የፑሬፔቻ ቋንቋ ዘመዱ የሆነ ሌላ ቋንቋ በዓለም ላይ አልተገኘለትም። መናገሻውን በጺንጹንጻን ያደረገው ይህ ሕዝብ ለአዝቴኮች ሳይንበረከክ ኖሮ በእስፓኛውያን እጅ ወደቀ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ዳግማዊ ታንጋሹዋንም እ.ኤ.አ. በ1530 ተገደለ። ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1558፣ ማቱሪኖ ጂልቤርቲ የተባለ መነኩሴ የቋንቋውን ሰዋስው በማተሚያ ቤት አሳተመ። እንግዲህ ቋንቋው የተናቀው መጽሐፍ ስላጣ አይደለም፤ ተናጋሪው ሥልጣኑን ስለተነጠቀ ነው።

በ2020 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ተናጋሪዎቹ ከ140 ሺህ በላይ ነበሩ። ቁጥሩ ጥቂት አይባልም። ይሁን እንጂ የቋንቋ ሕይወት በተናጋሪው ብዛት ብቻ ሳይሆን በሚከፈትለት በርም ይለካል። ልጅ በትምህርት ቤት በአነጋገሩ ሲሳቅበት፣ ጎልማሳ በቢሮ ደጃፍ አስተርጓሚ አጥቶ ሲመለስ ያየች እናት ለልጇ እስፓኝኛን ብትመርጥለት ምርጫዋ የፍቅር እንጂ የክህደት አይደለም። ነፃ ባልሆነ ምርጫ ላይ መፍረድም ፍትሕ ሊሆን አይችልም።

«ቋንቋው ብርቅ ስለሆነ ይጠበቅ» የሚል ክርክር ይሰማል። ብርቅነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሕዝብ የሙዚየም ዘበኛ አይደለም። ፒሬኩዋ የተባለው የፑሬፔቻ ዘፈን በ2010 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ከባለቤቶቹ መካከል ሳንማከር ተመዘገበ ብለው የተቃወሙ ነበሩ። ዘፈኑን አክብሮ ዘፋኙን አለመጠየቅ ጎዶሎ ክብር ነው።

በ2003 የወጣው የሜክሲኮ ሕግ የነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች እንደ እስፓኝኛ ሁሉ ብሔራዊ ቋንቋዎች ብሎ አወቃቸው። የሳን ኢሲድሮና የኡሪንጊቲሮ መምህራን ግን ሕጉን አልጠበቁም፤ ከስምንት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1995፣ ንባቡንም ሒሳቡንም በልጆቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር ጀመሩ። እዚያ ፑሬፔቻ የሚታዘንለት ቅርስ ሳይሆን የሚታሰብበት መሣሪያ ሆነ።

ስለዚህ ዕዳው አስቀድሞ የሚወድቀው በሩን ባጠበበው ወገን ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱና ሐኪም ቤቱ በእርግጥ የተከፈቱ ዕለት ግን ጥያቄው ወደ እናቲቱ ይመለሳል። ያን ጊዜ ዝም ብትል፣ ዝምታው የራሷ ይሆናል።