መሥዋዕቱ የማን ነው? በፖኬሞን የጥቃት ቡድን ላይ የቀረበ ሐተታ

መሥዋዕትነት በሃይማኖትም ሆነ በፍልስፍና ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው የተሠዋው ነገር ትልቅነት ነው፤ ሰጪው ማን እንደሆነና ከማን ላይ እንደሰጠ ግን ሁልጊዜ አብሮ አይጠየቅም። ይህ ጥያቄ ከቤተ መቅደስና ከጦር ሜዳ ርቆ፣ ተራ መዝናኛ ተብሎ በሚታለፍ ስፍራ፣ ማለትም ተፎካካሪዎች ምናባዊ ፍጡራንን በሚያጋጥሙበት በፖኬሞን የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ፣ ባልተለመደ ግልጽነት ይታያል፤ በዚያ ጨዋታ መሥዋዕትነት የስሜት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ዋጋውም ትርፉም አስቀድሞ በቁጥር የሚሰላ ስልት ሆኗልና።

ጨዋታው በጃፓን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ ሳቶሺ ታጂሪ የመሠረተው ጌም ፍሪክ የተባለው ድርጅት ቀይና አረንጓዴ በሚል ስም ባወጣቸው ሁለት እትሞች 151 ፍጡራንን ይዞ ቀረበ። በተለመደው የአንድ ለአንድ ውድድር እያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት ፍጡራን ያሉት ቡድን ይዞ ይገባል፤ ሜዳ ላይ የሚቆመው ግን በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች የየራሳቸውን ትእዛዝ አንዱ የሌላውን ሳያይ በአንድ ጊዜ ይመርጣሉ፣ ማን ቀድሞ እንደሚመታ የሚወስነው ደግሞ በአብዛኛው የፍጡራኑ ፍጥነት ነው። (በጥንቱ የኢትዮጵያ ሠንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠባበቁ የሚያንቀሳቅሱበት፣ ወረራ የሚባል ምዕራፍ ነበረ፤ ፍጥነት ራሱ መሣሪያ ሲሆን ምን ዓይነት ፍልሚያ እንደሚፈጠር የዚያ ጨዋታ አዋቂዎች ሳይነገራቸው ይረዱታል።)

ቡድን የሚገነቡ ሰዎች ስልቶችን በሦስት ወገን ይከፍሏቸዋል። ስቶል የሚባለው ተቃራኒውን በትዕግሥት አድክሞ የሚያሸንፍ የመከላከል ስልት ነው፤ ባላንስ መከላከልንና ማጥቃትን ያመዛዝናል፤ ሃይፐር ኦፌንስ የሚባለው ሦስተኛው፣ የዚህ ሐተታ ርእሰ ጉዳይ የሆነው የጥቃት ቡድን፣ ተቃራኒው ዕቅዱን ለመዘርጋት ጊዜ ሳያገኝ ጨዋታውን ለመጨረስ የተሰናዳ ነው። ይህ ቡድን ከጅምሩ የሚቀበለው አንድ እውነት አለ፦ ከስድስቱ ሁሉም በሕይወት እንደማይዘልቁና እንዲዘልቁም እንደማይፈለግ።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጡት ዳይመንድና ፐርል የተሰኙት እትሞች ለዚህ አስተሳሰብ ሜዳውን አመቻቹለት። በእነርሱ ስቴልዝ ሮክ የሚባል ምት ገባ፤ ምቱ በተቃራኒው ወገን ሜዳ ላይ የሾሉ ድንጋዮችን ያኖራል፣ ከዚያ በኋላ የሚገባ የዚያ ወገን ፍጡር በተለመደው ሁኔታ ገና ሲገባ ከሙሉ ጤናው አንድ ስምንተኛውን ያጣል፣ እንደ ቻሪዛርድ ለአለት ድርብ ድክመት ያለበት ከሆነም ግማሹን ይገብራል። ድንጋዩን የሚያኖረው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ተራ የሚገባ ግንባር ቀደም ነው፤ በዚያ ዘመን ለዚህ ሥራ ከታወቁት አንዱ አዜልፍ ነበር። አዜልፍ ፈጣን ነው፣ ሰውነቱ ግን ስስ ነው። ስለዚህ ፎከስ ሳሽ የሚባል መቀነት ይታጠቃል፤ መቀነቱ ጤናው ሙሉ ሆኖ ሳለ የሚመጣ ገዳይ ምትን አንድ ጊዜ ብቻ አክሽፎ አንድ የጤና ነጥብ ያስተርፍለታል። በመጀመሪያው ተራ አዜልፍ ድንጋዩን ያኖራል፣ ይመታል፣ በአንዲት ነጥብ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በሁለተኛው ተራ ኤክስፕሎዥን የሚባለውን ምት ይታዘዛል፦ ራሱን ያፈነዳል፣ 250 ኃይል ያለው ፍንዳታ ተቃራኒውን ይመታል፣ በዚያ እትም ሕግ የተመቺው መከላከያም በግማሽ ተቀንሶ ይሰላል። አዜልፍ ይወድቃል። ሁለት ተራ ኖሮ ሥራውን ጨርሷል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ለጉዳዩ ዋና ነው። አንድ ተጫዋች በገዛ ፈቃዱ ፍጡሩን በሌላ ሲቀይር፣ አዲሱ የሚገባው ተቃራኒው ለተሰናባቹ ያዘጋጀውን ምት ለመቀበል ነው፤ ቅያሬው አንድ ተራ ይበላል፣ ቁስልም ያስከትላል። የቀደመው ወድቆ ከሆነ ግን ተተኪው ያለ ምንም ምት ይገባል። አዜልፍ በፈነዳበት ሜዳ ጋያራዶስ የተባለው ግዙፍ የባሕር ዘንዶ ሳይነካ ይቆማል፣ ድራገን ዳንስ በሚባለው ምት ጥቃቱንም ፍጥነቱንም አንድ ተኩል እጥፍ ያሳድጋል፣ ድንጋዩ ያቆሰላቸውንም ተራ በተራ ይጥላል። ስለዚህ በጥቃት ቡድን ውስጥ የአንዱ መውደቅ ለሌላው በር ነው፤ ብልህ ተጫዋችም የተዳከመውን ፍጡር ለማዳን አይደክምም፣ ለሌላው መግቢያ እንዲሆን ሆን ብሎ ያስመታዋል እንጂ።

እዚህ ላይ ጨዋታው ሳያስበው የሰነዘረውን ምፀት ሳያስተውሉ ማለፍ ይከብዳል። በዳይመንድና በፐርል ተረት ውስጥ አዜልፍ የፈቃድ ፍጡር ነው፤ ጓደኞቹ ለሰው ልጅ ዕውቀትንና ስሜትን ሲያመጡ፣ እርሱ የመፈለግንና የመጽናትን ኃይል ያመጣ ተብሎ ይተረካል። ይህ ፍጡር ነው እንግዲህ ፈቃዱ ሳይጠየቅ በሁለተኛው ተራ እንዲፈነዳ የሚታዘዘው።

አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መሠረት ላይ በጻፈው መጽሐፉ፣ የሰው ልጅ መቼም ቢሆን እንደ መሣሪያ ብቻ ሊቆጠር እንደማይገባ፣ በራሱ ግብ መሆኑም ሁልጊዜ ሊታወስ እንደሚገባ አስተምሯል። ይህን መርሕ ወደ ጦርነት ታሪክ ሲያመጡት በቅዱስ መጽሐፍ የተተረከው የወታደሩ የኦርዮ ሞት ጎልቶ ይወጣል። ንጉሡ ዳዊት በኢየሩሳሌም ተቀምጦ ሳለ ለጦር አለቃው ለኢዮአብ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ኦርዮ ጦርነቱ በበረታበት ግንባር እንዲቆምና ባልንጀሮቹ ከኋላው እንዲሸሹ ያዛል፤ ደብዳቤውን የሚያደርሰውም ራሱ ኦርዮ ነው። የግንባር ቀደሙ ስሌት ከነሙሉ ክፋቱ ይህ ነው፦ አዛዡ ርቆ ተቀምጧል፣ ሟቹ የታዘዘበትን አያውቅም፣ ትርፉም የአዛዡ ነው። ሊቀ ካህናቱ ቀያፋም አንድ ሰው ስለ ሕዝቡ ቢሞት እንደሚሻል ሲመክር የተናገረው ከዚህ ዓይነት ሂሳብ ነው። የክርስትና ትምህርት ግን ያንኑ የክርስቶስን ሞት የተመለከተው ከሌላ ወገን ነው፤ የሞተው ነፍሱን በገዛ ፈቃዱ አሳልፎ እንደሰጠ ያምናልና፣ በአማካሪው አፍ ስሌት የነበረው በሰጪው ዘንድ ስጦታ ሆነ። ሞቱ አንድ ነው፤ መሥዋዕትነቱን የወሰነው ማን ሰጠው የሚለው ነው።

በዚህ መለኪያ የአዜልፍ ፍንዳታ መሥዋዕትነት ሊባል የሚችል አይመስልም። ነገር ግን ፈጥኖ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፦ አዜልፍ ሰው አይደለም፣ የሚሰማው ነገር የለም፣ ጨዋታው ሲያልቅም ጤናው ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። ታጂሪ ራሱ ፍጡራኑ ሲሸነፉ እንዲሞቱ ሳይሆን ራሳቸውን እንዲስቱ አድርጎ የሠራው ሆን ብሎ እንደሆነ ተናግሯል። ተቃውሞው ትክክል ነው፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ ልብን ያደነድናል የሚለው የተለመደ ስብከትም በዚህ ምክንያት ብዙ አይራመድም። ሆኖም ተቃውሞው ጥያቄውን አይዘጋም፤ ጨዋታው ራሱ ፍጡራኑን ጓደኞች ብሎ ያቀርባልና። ጓደኝነቱንም በቁጥር ይለካዋል፦ ከ0 እስከ 255። ሪተርን የሚባለው ምት ኃይል በዚህ መጠን ይወሰን ነበር፤ ጓደኝነቱ 255 ሲደርስ ምቱ 102 ኃይል ያገኝ ነበር። ፍራስትሬሽን የሚባለው ደግሞ ተቃራኒው ነበር፤ ጓደኝነቱ ዜሮ ሲሆን እርሱም ያንኑ 102 ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሶርድና ሺልድ የተሰኙት እትሞች ሲወጡ ሁለቱም ምቶች ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። እስከዚያ ድረስ ግን ፍቅርም ጥላቻም በተፎካካሪው መዝገብ እኩል ዋጋ ነበራቸው፤ የትኛውንም የስሌት አመክንዮ ከዚህ በላይ የሚያጋልጥ ማስረጃ በቀላሉ አይገኝም።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ውስጥ የእውነት የሚሰጥ ነገር አለን? አለ፤ የሚሰጠው ግን ፍጡሩ አይደለም። እያንዳንዱ ፍጡር በሥልጠና የሚያገኘው፣ በጠቅላላው ከ510 የማይበልጥ የነጥብ ጥሪት አለው፤ በአንድ ጠባይ ላይ ሊውል የሚችለው 252 ብቻ ነው። የጥቃት ቡድን ገንቢ 252ቱን በጥቃት ላይ፣ ሌላውን 252 በፍጥነት ላይ ሲያውል ለመከላከል የሚቀሩት ስድስት ነጥቦች ናቸው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ላይፍ ኦርብ የሚባል ዕቃ ያስይዘዋል፤ ዕቃው የምቱን ጉዳት በ30 በመቶ ከፍ ያደርጋል፣ በእያንዳንዱ ጥቃት ግን ከባለቤቱ ጤና አንድ አሥረኛውን ይበላል። እነዚህ ውሳኔዎች የሚወሰዱት ከጨዋታው በፊት፣ በጸጥታ ነው፣ የሚጠፋውም የተጫዋቹ የራሱ ነገር ነው፦ ማፈግፈጊያው፣ ስሕተትን ማረሚያ ጊዜው፣ ነገሩ ባይሳካ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደ ገና የመጀመር ዕድሉ። መከላከልን የመረጠ ሰው ሦስት ጊዜ ቢሳሳት ሊድን ይችላል፤ ይህኛው አንድ ጊዜ ከተሳሳተ በአብዛኛው ተሸንፏል። ፈላስፋው በርናርድ ሱትስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ሥራው ጨዋታን የገለጸው አላስፈላጊ መሰናክልን በፈቃድ ለመወጣት የሚደረግ ሙከራ አድርጎ ነው፤ የጥቃት ቡድን ገንቢ በዚህ ላይ አንድ እርምጃ ጨምሮ፣ ከመሰናክሉ የሚያመልጥበትን መንገድም በፈቃዱ ይዘጋል።

ይህ ድፍረት ነው ወይስ ጥድፊያ? አርስቶትል ጀግንነትን በፍርሃትና በግብታዊነት መካከል አስቀምጦታል፤ ግብታዊው አደጋውን ሳይመዝን ይገባል፣ ጀግናው ግን መዝኖ ይገባል። ልዩነቱ በአንዲት ምርጫ ይታያል። ሃይድሮ ፓምፕ የሚባለው የውኃ ምት 110 ኃይል አለው፣ ዒላማውን የሚያገኘው ግን ከመቶ ሰማንያ ጊዜ ነው፤ ሰርፍ የሚባለው 90 ኃይል ይዞ በተለመደው ሁኔታ አይስትም። ሃይድሮ ፓምፕን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ለማግኘት ያለው ዕድል 64 በመቶ ነው፣ ሦስት ጊዜ ለማግኘት ደግሞ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። የተቃራኒው ጤና በ90 የሚወድቅ ሆኖ ሳለ 110ን የሚመርጥ ግብታዊ ነው፤ በ90 እንደማይወድቅ አስልቶ፣ ሁለተኛ ተራም እንደማያገኝ አውቆ 110ን የሚመርጥ ግን ዕጣውን በዓይኑ አይቶ የተቀበለ ነው። ከዚያ በኋላ ቢስት ዕድሉን የማማረር መብት ያለው አይመስልም፤ ብዙዎች ግን በዚያች ሰዓት ያማርራሉ፣ ይህም የሰጡት መሥዋዕት ከልብ እንዳልነበረ ያሳብቅባቸዋል።

የመከላከል ስልት በዚህ ረገድ የዋህ ነው የሚለው አመለካከትም ሊመረመር ይገባል። ስቶል ፍጡራኑን አያፈነዳም፤ ከመቶ ተራ በላይ ሊዘልቅ በሚችል ፍልሚያ ግን እየተመቱ እንዲድኑ፣ ድነውም ዳግም እንዲመቱ ያደርጋቸዋል። ሥቃይ ቢኖር ኖሮ የሚበዛው በየትኛው ወገን እንደነበር መገመት አያዳግትም። የተራዘመ ጥንቃቄ ምሕረት የሚመስለው ወጪው በጥቂት በጥቂቱ ስለሚከፈል ብቻ ነው።

ዳዊት ሌላም ታሪክ አለው። የፍልስጥኤማውያን ጦር በቤተ ልሔም ሰፍሮ ሳለ ከዚያው ጕድጓድ ውኃ ተመኘ፤ ሦስት ኃያላን ሰፈሩን ጥሰው ቀድተው አመጡለት፤ እርሱ ግን ነፍሳቸውን የጣሉበት ውኃ ደማቸው ነው ብሎ ሳይጠጣ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። እነዚህ ሦስቱ እንደ ኦርዮ ሳያውቁ የተላኩ አልነበሩም፤ አዛዡም ትርፉን ለራሱ አላደረገም።

ጨዋታው ለዚህ ዓይነቱ አዛዥ ቦታ ይኖረው እንደሆነ ለመፈተን እ.ኤ.አ. በ2014 በዋሽንግተን ዲሲ የተካሄደውን የዓለም ሻምፒዮና መመልከት ይጠቅማል። በዚያ ውድድር እያንዳንዱ ወገን ሁለት ፍጡራንን ጎን ለጎን ያሰልፋል። ደቡብ ኮሪያዊው ሴጁን ፓርክ በአዋቂዎች ምድብ ሲያሸንፍ በቡድኑ ውስጥ ፓቺሪሱ የምትባል፣ ሌሎች ተፎካካሪዎች ከቁጥር የማያስገቧት ትንሽ የሽኮኮ አምሳያ ነበረች። ሥራዋ ፎሎው ሚ በሚባለው ምት ወደ ባልንጀራዋ የተወረወረውን ምት ወደ ራሷ መሳብ ነበር። ተመልካቹ በደስታ ተቀበላት። ትእዛዙን የሰጠው እንደ አዜልፍ ሁኔታ ተጫዋቹ ነው፣ ፈቃዷም አልተጠየቀም፤ ነገር ግን ፓርክ የሥልጠና ነጥቧን ያዋለው በጤናዋና በመከላከያዋ ላይ ነበር፣ ማለትም ወደ ምቱ ሲልካት ምቱን የምትቋቋምበትን ነገር ከራሱ የማጥቃት ዕድል ቀንሶ ሰጥቷታል። የአዜልፍ ገንቢ ግን ፍጡሩን ያስታጠቀው አንዲት ነጥብና አንድ ተራ የምታስተርፍ መቀነት ነው፤ ያችም ነጥብ የተረፈችው ለፍንዳታው ነው።