ሰሌዳው የሚጠፋው መቼ ነው?

ለመሆኑ አንድ መምህር አስተማረ የሚባለው መቼ ነው? ትምህርቱን ተናግሮ ሲጨርስ ነውን? ወይስ ተማሪው ሲያውቅ? በሒሳብ መምህርነት ባሳለፍኳቸው የመጀመሪያ ዓመታት ይህን ጥያቄ የሚያቀርብልኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ያለ አንዳች ማመንታት የፊተኛውን እመልስ ነበር።

በዚያን ጊዜ ራሴን ከታታሪ መምህራን ተርታ እመድብ ነበር። ከክፍል አልቀርም፤ ዝግጅቴን አላጓድልም፤ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር እሞላዋለሁ። በመጨረሻም ዞር ብዬ «ገባችሁ?» እላለሁ። ከስልሳ የሚበልጡት ተማሪዎቼ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላሉ። ደወል ሲደወል ሰሌዳውን አጥፍቼ፣ የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ አራግፌ፣ ግዴታዬን ተወጣሁ ብዬ እወጣለሁ።

አንድ ቀን ክፍልፋይ አስተምሬ ደብተር ሳርም፣ ከኋላ የምትቀመጥና ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ግማሽና አንድ ሦስተኛን ደምራ «ሁለት አምስተኛ» ብላ ጽፋ አገኘሁ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምራለች። ጠራኋትና «ግማሽ ዳቦ ይዘሽ ሌላ ቁራሽ ቢጨመርልሽ ያለሽ ከግማሽ ያንሳል?» አልኳት።

«አያንስም ቲቸር።»

«ሁለት አምስተኛስ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

ዝም አለች። አምስት ጣቶቿን ዘርግታ ስታያቸው ቆየች። በመጨረሻ «ያንሳል፤ ስለዚህ ተሳስቻለሁ» አለች። ስህተቷን ያገኘችው ራሷ ናት።

«ታዲያ ገባችሁ ወይ ስላችሁ ለምን አዎ አልሽ?»

«ሁሉም አዎ ስላለ» አለችኝ።

ይህ መልስ ለብዙ ቀናት ከኅሊናዬ አልወጣም። ልጅቷ አእምሮ አላነሳትም፤ ያነሳት ጥቂት ጊዜና አንድ ተገቢ ጥያቄ ነበር። ሁለቱንም የነፈግኳት እኔ ነኝ።

በቁርኣን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው የእንጨቱን ለውህ ያስታውሳል። ለሕፃኑ ትምህርቱ በለውሁ ላይ ይጻፍለታል፤ ተራው ሲደርስ ቀርቦ ለመምህሩ ያሰማል። ካላወቀው ጽሑፉ ባለበት ይቆያል፤ ሲያውቀው ታጥቦ አዲስ ትምህርት ይጻፍበታል። እርግጥ ነው፣ በቃል መያዝ ብቻውን መረዳት አይደለም፤ አለንጋም ስንቱን ሕፃን ከትምህርት አስኮብልሏል። ይሁን እንጂ ለውሁ የሚታጠበው ልጁ ስላወቀ ነው። የእኔ ሰሌዳ ግን የሚጠፋው ደወል ስለተደወለ ነበር።

ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት መምህራን በክፍል ውስጥ ሲጠይቁ በድምፅ መቅረጫ ተከታትለው ነበር። መምህራኑ ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። መምህራኑ ይህን ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ እንዲያሳድጉ በተደረገ ጊዜ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ «አላውቅም» የሚሉት ቀነሱ፤ ደካማ ይባሉ የነበሩትም መሳተፍ ጀመሩ። ከሁሉም ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን መምህራን ጎበዝ ለሚሏቸው ተማሪዎች ረዘም ያለ ጊዜ፣ ደካማ ለሚሏቸው ደግሞ አጭር ጊዜ ይሰጡ የነበረ መሆኑ ነው። የበለጠ የሚያስፈልገው ያነሰ ያገኛል ማለት ነው። ይህ የማስተማር ዘዴ ጉዳይ ብቻ ነውን? በእኔ እምነት የፍትሕም ጉዳይ ነው።

«ኒያዬ ንጹሕ ነበር፤ ለፍቻለሁ» የሚል መከላከያ እንዳለን አውቃለሁ። ነገር ግን ልብስ ሰፊ ጨርቃችንን ቢያበላሽ «ኒያዬ ጥሩ ነበር» ማለቱ ይበቃናልን? የልጅ አእምሮስ ከጨርቅ ያንሳል? ሙያን መማር የቅን ልብ ተጨማሪ ጌጥ አይደለም። የሰው ልጅ በአማና የተረከበ ሰው ሥራውን ማወቁ የአማናው ክፍል ነው።

የሥራ ባልደረቦቼ «ክፍሉ ሞልቶ፣ ደመወዙ አንሶ፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ለስልሳ ልጅ እንዴት ይደረሳል?» ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ክፍሉን ያጨናነቀው መምህሩ አይደለም፤ የዚህ ተጠያቂነት ከእርሱ በላይ ነው። ነገር ግን ሦስት ሰከንድ ዝም ማለት በጀት አይጠይቅም። እኔ ዛሬ ጥያቄውን አስቀድሜ እጠይቃለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ስም የምጠራው። ስሙንም እጅ ካወጡት ሳይሆን በዕጣ ከቆራረጥኩት ወረቀት አወጣለሁ። «ገባችሁ?» ማለትን ትቼ፣ ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው አንዲት ጥያቄ በብጣሽ ወረቀት አሠራለሁ። ስልሳውን ወረቀት ለማገላበጥ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ የነገውን ትምህርት ከየት እንደምጀምር የሚነግረኝም እርሱ ነው። ሁሉም ልጅ ይደርስልኛል አልልም። ያልደረሰው ማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ ድሮ ይህንንም አላውቅም ነበር።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት «ዛሬ ያልገባህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያም ጥቂት ጠብቁት። «አልገባኝም» ማለት በቤቱ የማያሳፍር ልጅ በክፍሉም ለማለት ይደፍራል።

እኛም መምህራን ዳስተሩን ከማንሳታችን በፊት አንዴ ወደ ኋላ ወንበሮች እንመልከት። ሰሌዳውን የምናጠፋው ልጆቹ ስላወቁ ነው ወይስ ደወሉ ስለጮኸ?