መስጠትና ማድረስ

ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ አጭር ነው፤ መልሱ ግን ዓመታት ፈጅቶብናል። አንድ ነገር ለብዙዎች ሲከፋፈል ፍትሕ የሚለካው የት ላይ ነው? በሰፋሪው እጅ ነው ወይስ በተቀባዩ አፍ? ይህን ጥያቄ መጀመሪያ ያነሣብን ሰው አልነበረም፤ ዓሣ ነበር።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን በሳይንስ ክፍሉ ጥግ አንድ የመስታወት ገንዳ ነበር። በውስጡ ስምንት ኒዮን ቴትራዎች፣ አራት ኮሪዶራሶችና አንድ ወንድ ቤታ አብረው ይኖሩ ነበር። የምንመግባቸው እኛ ሠልጣኞቹ ነበርን፣ በየተራ። ተረኛው ጠዋት ጠዋት አንድ ቁንጥር ደረቅ ምግብ በውኃው መካከል ይበትናል፤ ከዚያም በመዝገቡ ላይ «ተመግበዋል» ብሎ ይፈርማል።

ቤታ የሲያም ተዋጊ ዓሣ የሚባለው ነው። አገሩ ታይላንድ ሲሆን በሩዝ ማሳና ጥልቀት በሌለው ረግረግ ውስጥ ይኖራል፤ መንግሥቱም በ2019 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የውኃ እንስሳ ብሎ ሰይሞታል። አፉ ወደ ላይ የዞረ ነውና ምግቡን፣ ማለት ትንንሽ ነፍሳትንና የትንኝ እጭን፣ ከውኃው ገጽ ላይ ይለቅማል። በዱር ያለው ቤታ ክንፉ አጭር ነው። በየገንዳው የምናየውን የተንዘረፈፈ ክንፍ ያመጣው ሰው ነው፤ ለዓይኑ ደስታ ሲል እየመረጠ በማራባት። ያ ጌጥ ለባለቤቱ ሸክም ነው። ኒዮን ቴትራ ግን የአማዞን ተፋሰስ ልጅ ነው፤ ትንሽ፣ ፈጣን፣ በመንጋ የሚሄድ። ኮሪዶራስም የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ነው፤ በጺሙ አሸዋውን እየዳሰሰ ከታች ይበላል።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ምግቡ ሲወድቅ ቴትራዎቹ እንደ መርፌ ተወርውረው ይለቅሙታል። ቤታው ክንፉን እየጎተተ ሲደርስ የውኃው ገጽ ባዶ ነው። ቁንጥሩ ትክክል፣ ፊርማው በየቀኑ፣ መዝገቡም ሙሉ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ግን የቤታው ሆድ ወደ ውስጥ ገባ፤ ቀለሙም ደበዘዘ። አንድም ቀን ምግብ አልከለከልነውም፤ ዳሩ ግን እያስራብነው ነበር።

ይህን ስናውቅ ሌላ ስሕተት ሠራን፤ ምግቡን እጥፍ አደረግነው። ቴትራዎቹ ጠገቡ፣ ለቤታውም ጥቂት ደረሰው፣ የተረፈው ግን ወደ ታች ወርዶ በሰበሰ። የበሰበሰ ምግብ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያም የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። «ትርፍራፊውን ኮሪዶራሶቹ ይበሉታል» ብለን ነበር። መጀመሪያ የሞቱት እነርሱ ሆኑ። ከታች ያለ በትርፍራፊ ይኖራል ማለት ከላይ ያለ ሰው አሳብ ነው።

በመጨረሻ አንዲት ሠልጣኝ እኅታችን ወንበር ስባ ከገንዳው ፊት ተቀመጠችና ሲበሉ ማየት ጀመረች። ቴትራዎቹን በጥቂት ፍርፋሪ ወደ አንዱ ጫፍ ትስባቸዋለች። እነርሱ እዚያ ሲሻሙ በሌላው ጫፍ ለቤታው ተንሳፋፊ የምግብ ፍሬ አንድ በአንድ ትጥልለታለች፤ ሦስት ወይም አራት፣ ከዚያ አትጨምርም፤ የቤታ ሆድ ትንሽ ነውና። መብራት ሲጠፋ ለኮሪዶራሶቹ ወደ ታች የሚሰምጥ እንክብል ትጥላለች። ያልተበላውን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ታወጣለች። ምግቡ በጠቅላላው ከቀድሞው ቁንጥር አልበለጠም፤ የቤታው ሆድ ግን ሞላ።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል። «ለእያንዳንዱ ለየብቻው መስጠት ከተጀመረ ለአድልዎ በር ይከፈታል፤ እኩል ስፍር ከሐሜት ያድናል» የሚሉ አሉ። ነገሩ የሚናቅ አይደለም፤ ስፍር ላይ ዘመድ ሲመረጥ ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን እኩል ስፍር ከሐሜት የሚያድነው ሰፋሪውን ነው እንጂ የተራበውን አይደለም። የአድልዎ መድኃኒቱ ለሁሉ ግልጽ መሆን ነው። እኅታችን የምትመግበው በመስታወት ነበር፤ የፈለገ ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር።

«ፈጣኖቹ ይቀጡ» የሚልም አለ። ቴትራው ግን ሌባ አይደለም፤ የተፈጠረው እንደዚያ ነው። «ቤታው ለብቻው ይውጣ» የሚልም አለ። ክንፉን የሚነክሱት ካሉ፣ ወይም እርሱ ሌሎቹን ካሳደደ፣ መለየቱ ተገቢ ነው፤ ሁለት ወንድ ቤታማ በአንድ ገንዳ ፈጽሞ አይቀመጡም። ስለ ዝግታው ብቻ ማስወጣት ግን የእኛን ስንፍና በእርሱ ላይ መጫን ነው። ለመሆኑ ክንፉን ያስረዘመው ማን ነው? ዝግተኛ ያደረግነውን ስለ ዝግታው ልንወቅሰው አንችልም።

በዚህ መጠለያ የመስታወት ገንዳ የለም፤ ስፍር ግን አለ። ካርዱ ታይቷል፣ ዘይቱ ተለክቷል፣ ስሙ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ድርሻቸውን ተሸክመው ቤት መድረስ የማይችሉ አባት አሉ፤ እህሉ ደርሷት የማስፈጫ የሌላት እናት አለች። በመዝገቡ ላይ ሁለቱም ተቀብለዋል።

እኛ መምህራንም ከዚህ ነፃ አይደለንም። «ገባችሁ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ፈጣኖቹ «አዎን» ይላሉ፤ እኛም «ተምረዋል» ብለን እንጽፋለን። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ወራት ሙሉ ባዶ ደብተር ይዞ እንደኖረ ያወቅነው በቅርቡ ነው። አንድም ቀን አልቀረም፤ አንድም ቀን አልከለከልነውም። ደብተሩን ስንገልጥ ያ ቤታ ትዝ አለን፤ አፈርንም።

ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው፤ ፍትሕ በእጅ ይጀመራል፣ በአፍ ይፈጸማል፣ በመካከል ያለው መንገድ የሰጪው ኃላፊነት ነው። ነገ ክፍል ስንገባ ከኋላው ረድፍ እንጀምራለን። የተለየ አሳብ ያለው ወንድም ወይም እኅት በሚቀጥለው ወረቀት ይጻፍልን። ይህችንም ያነበበ ለጎረቤቱ ያሳልፍ፤ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ተቀምጦ ያንብብለት።